ኦይል ሲሉ ደህና ነበር

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ዛሬም ስለ እሜቴ፣ ስለ ሞተር ብስክሌቴ ነው የማወራው። እሷን መስማት የሰለቸው ወደሚቀጥለው ክፍል ይለፍ፣ አልቀየምም። ባለፈው የፊት አሞርዛተሯ ዘይት ያንጠባጥባል ብዬ ስነጫነጭ ሰምታችኋል። አሁን ተሠርቷል። ኦይል ሲሉ፣ ዘይቱን ውስጥ የሚይዘው የጎማ ቀለበት ማለት ነው፣ በሁለቱም የአሞርዛተር እግር አዲስ ነው፣ የአቧራ መከላከያው አዲስ ነው፣ ዘይቱም አዲስ ነው። አይፈስም። እዚህ ጋ ቻው ብዬ መዝጋት እችል ነበር።

ግን አንድ ነገር አልወጣልህ አለኝ።

አሮጌው ሲል እንዴት እንደሚወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የኔዋ የተለመደው ዓይነት ነው፣ ወፍራሙ ክፍል ከታች የሆነው። መከላከያውን ታነሳላችሁ፣ ከስሩ ያለችውን የሽቦ ቀለበት በቀጭን ካቻቢቴ ታወጣላችሁ፣ ከታች ያለውን ቡሎን ትፈታላችሁ። ያ ቡሎን ደግሞ አብሮ ይዞርና ያናድዳል፤ ሞላው ውስጥ እንዳለ እግሩን ጨቁኖ ሲይዙት ይሻላል። ከዛ የውስጡን ቱቦ ይዞ መሳብ ነው። በቀስታ አይደለም፣ በጉልበት፣ መንጨቅ። ጧ። መለስ አድርጎ ደግሞ ጧ። ውስጥ ያሉት ሁለት ቡሺንጎች፣ ቱቦው የሚንሸራተትባቸው ቀለበቶች፣ እርስ በርስ እየተጋጩ ሲሉን ከስር ገፍተው ያስወጡታል።

ወጣ። እዛ ጋ ነው እንግዲህ የቆምኩት።

በጨርቅ ጠረግኩት፣ ከመብራቱ ስር ያዝኩት። ከንፈሩን በአውራ ጣቴ እየገለበጥኩ ዙሪያውን አየሁት። የተቀደደ፣ የደረቀ፣ ወይ የተበላ ቦታ እጠብቃለሁ። ምንም የለም። ጎማው ለስላሳ ነው፣ ጠርዙ ሹል ነው፣ ከንፈሩን የምታጠብቀው ቀጭኗ ሞላም ቦታዋ ላይ ነች። እንደገና ዞርኩት። ይሄ ነገር ለምንድን ነው ያፈሰሰው? መልሼ ብከተው ማንም አሮጌ ነው አይለኝም እኮ። እጄ ዘይት በዘይት ሆኖ፣ ጉልበቴ ወለሉ ላይ እያመመኝ፣ አንድ ደህና ጎማ እያየሁ ቁጭ አልኩ።

ቱቦውንም አይቻለሁ፣ እንዳትጽፉልኝ። ክሮሙ ላይ የድንጋይ ጭረት ወይ የዝገት ነጥብ ካለ አዲስ ሲል ማስገባት ዋጋ የለውም፣ ጭረቱ አዲሱንም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቆርጠዋል። በጥፍሬ ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት። ቀጭን የእግር ሹራብ አለ አይደል፣ ስቶኪንግ፣ በሱም ጠረግኩት፣ የሚይዝ ነገር ካለ ክሩን ይመዘዋልና። አልመዘዘም።

"ቆሻሻ ነው፣ ፕላስቲክ ቆርጠህ ከከንፈሩ ስር አጽዳው" ያላችሁኝም አላችሁ። ብዙ ናችሁ። ትክክል ናችሁም። ትንሽ አሸዋ ወይ የደረቀ ጭቃ ከንፈሩን ከቱቦው ካነሳው ዘይቱ መንገድ ያገኛል፣ ሲሉ ደህና ሆኖ ማለት ነው። እሱን ሞክሬዋለሁ። ቆመ፣ ደስ አለኝ፣ ከዛ መልሶ መጣ። ስለዚህ እሱም መልስ አይሆነኝም። ወይ በደንብ አልጸዳም። ወይ ደግሞ… አላውቅም።

በነገራችን ላይ ዘይቱን ያላየ ሰው ምንም አላየም። ቀይ ገብቶ ግራጫ ሆኖ ነው የወጣው። ሽታው የበሰበሰ ዓሣ ነው፣ ያቺን ሳፋ አሁንም ማንም አይነካትም። መብራት ሲያርፍበት ያብለጨልጫል፣ ከቡሺንግና ከአሉሚኒየም የተፋቀ ብረት ነው። ስለ ሞተር ዘይት እንጨቃጨቃለን፣ የአሞርዛተር ዘይት ግን ማንም አያስታውሰውም፣ ማጣሪያ እንኳ የለውም እኮ! የተፋቀው ሁሉ እዛው ሲዞር ይኖራል።

ደግሞ አንድ የሚያበግነኝ ነገር ልንገራችሁ። የዘይቱ ጠርሙስ ላይ ውፍረቱ 10 ተብሎ ይጻፋል አይደል። የአንዱ ድርጅት 10 ከሌላው 10 ጋር አንድ አይደለም። ማወዳደር ከፈለጋችሁ በ40 ዲግሪ ስንት ሴንቲስቶክ፣ የውፍረት መለኪያው ማለት ነው፣ እንደሆነ ፈልጋችሁ አንብቡ፣ በትንንሽ ፊደል ነው የሚጽፉት። መጠኑንም በሊትር ብቻ አትመኑ፣ ውስጥ የቀረ አሮጌ ዘይት ያሳስታል። ሞላውን አውጥታችሁ፣ ቱቦውን እስከ ታች አስገብታችሁ፣ አየሩ እስኪወጣ ፓምፕ አድርጋችሁ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ለኩ። እዛ የምትቀረው አየር ራሷ እንደ ሞላ ትሠራለች። ዘይት ሲበዛ አየሩ ያንሳል፣ እግሩ መጨረሻው ላይ ይጠነክራል። ይህችን ነገር በጣም ነው የምወዳት፣ ዝም ብሎ ባዶ ቦታ ይመስላል እኮ። ምን ላይ ነበርኩ?

አዎ፣ ሲሉ። አይ፣ ቡሺንጉ።

እውነቱን ለመናገር ያልነገርኳችሁ ቡሺንጉን ነው። አዲስ ሲሆን ፊቱ ግራጫ ቅብ አለው። ቅቡ ሲያልቅ ከስር ነሐሱ ይታያል። ፍሬን በያዝን ቁጥር ቱቦው ወደ ኋላ ስለሚገፋ የሚበላው በፊትና በኋላ በኩል ነው። የቀኝ እግሩን ሳየው በአንድ በኩል ቢጫ ነገር አለ። ወይም ያለ መሰለኝ። መብራቱም ቢጫ ነው። ቡሺንግ ከላላ ቱቦው በትንሹ ይወዛወዛል፣ ሲሉ ደግሞ ያንን ሁሉ መከተል አይችልም፣ ደህና ሆኖም ያፈሳል። እንግዲህ እንደዛ ከሆነ አዲሱም ጊዜውን ጠብቆ ያፈሳል ማለት ነው። ላይሆንም ይችላል። ቱቦውን ወዝውዤ አይቻለሁ፣ ልቅ አይደለም። በጣም ልቅ አይደለም።

ወንድሜ ምን አለኝ፣ "አንተ ልጅ፣ ቆሟል አይደል? ተወዋ!" እሱ ምን አለበት። እሱ የሚነዳው ባለ አራት ጎማ ነው። ዘይቱ እኮ የሚወርደው ወደ ፍሬን ነው። በእግሩ ላይ ወርዶ ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘው ካሊፐር ጋ ይደርሳል፣ ከዛ የፍሬን ሸራው ላይ ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፣ መጣል ነው። የኔን ጥያለሁ፣ አንደኛው ጥግ ጠቁሮ ነበር። ጥግ ብቻ። ቁልቁለት ላይ፣ በዝናብ… እሱን አላወራም።

አነዳዷ ግን ተቀይሯል፣ ይሄን ልመስክር። ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋን አትተክልም። አሁን ድሮ እንዴት ስነዳ እንደነበር ነው የሚገርመኝ። እጄ ፍሬኑን ቀድሞ ይለቃል፣ ልትሰምጥ ነው ብሎ፣ እሷ ደግሞ አትሰምጥም። ምን ያህል ጊዜ እንደዛ ነዳሁ? ቀስ በቀስ ሲበላሽ ባህሪዋ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር እንዴ? ይሄን ራሱን የቻለ ክፍል ላደርገው ነበር፣ ግን ስለሱ ሳስብ ደስ አይለኝም።

አሁን ከነዳሁ በኋላ ሁሉ ቱቦውን በጣቴ እጠርጋለሁ። ትናንት በቀኙ ላይ ቀጭን መስመር ነበረች። ስስ ዘይት መኖሩ ጤነኛ ነው፣ ሲሉ ደርቆ አይሠራም። ሳስገባው ከንፈሩን ግራሶ ቀብቼ፣ የቱቦውን ጫፍ በፌስታል ሸፍኜ ነው ያሳለፍኩት፣ ስለዚህ የግራሶ ትርፍ ሊሆን ይችላል። ጠረግኩት። ዛሬ አላየሁትም። ማለቴ አላየሁም፣ አልነዳሁም ዛሬ።

ቡሺንጉን ልዘዝ እንዴ? ገዝቶ ማስቀመጥ አይከፋም። የቀኙን ብቻ… አይ፣ አንዱን ብቻ መቀየር አይሆንም፣ ሁለቱንም። ግን ለሱ እንደገና ሁሉንም መፍታት ነው፣ ዘይቱም ገና አዲስ ነው፣ ሲሉም ሲወጣ ይበላሻል። ቆይ፣ ወንድሜ ነው የሚደውለው። ካነሳሁለት ደግሞ "ፈታሃት?" ነው የሚለኝ…