ጠላ በሠርጉ ዕለት አይጠነሰስም፦ ስለ ጎርፍና ድርቅ ትንበያ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ! እንዴት ሰነበታችሁ? ከጎንደር ነው የማወራችሁ።

የዛሬው ወሬያችን ዝናብ ነው። "ነገ ጃንጥላ ልያዝ ወይስ አልያዝ" የሚለው ግን አይደለም። የአገር ዕቅድ ነው። ጎርፍም ድርቅም ከመምጣታቸው በፊት እንዴት ይታወቃሉ? ከታወቁስ በኋላ ማን ምን ያደርጋል? ሁለተኛዋን ጥያቄ ያዙልኝ። እኔን የምታንገበግበኝ እሷ ናት።

(የሠርግ ዳስ ይታያል)

ሠርግ ደግሳችሁ ታውቃላችሁ? ባትደግሱም ጥር ላይ ጎንደር ከነበራችሁ መብላታችሁ አይቀርም። ደጋሹን አስቡት። ስንት ሰው እንደሚመጣ አያውቅም። የጠራው ሁሉ አይመጣም። ያልጠራው ደግሞ ይመጣል፣ ያውም ጓደኛውን አስከትሎ። ታዲያ "ቁጥሩን በትክክል ካላወቅኩ አልደግስም" የሚል አባት አይታችኋል? እኔ አላየሁም። ይገምታል። ገምቶም ይነሳል።

አነሳሱን ደግሞ ተመልከቱ። ገና ቀኑ ሩቅ ሳለ ጌሾው ይገዛል፣ ብቅሉ ይዘጋጃል፣ ጠላው ይጠነሰሳል። ሳምንት ሲቀረው ዳሱ ይጣላል። ሁለት ቀን ሲቀረው የሠፈር ሴቶች ተሰብስበው እንጀራ ይጋግራሉ። ጠዋት ወጡ ይሠራል። ከሰዓት ሰው ሲጎርፍ ልጆቹ ሮጠው ከጎረቤት ወንበር ያመጣሉ። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ሰዓት አለው። ወንበር በመጨረሻዋ ደቂቃ ይመጣል። ጠላ ግን በሠርጉ ዕለት አይጠነሰስም። ይቺን ልድገማት፤ ጠላ በሠርጉ ዕለት አይጠነሰስም!

ትንበያም እንዲሁ ነው። ክረምቱ ሳይገባ የሚነገረው የወቅት ትንበያ ለጌሾው ነው። በእሱ ዘር ይመረጣል፣ በጀት ይያዛል፣ እህል ወደ መጋዘን ይገባል። የአሥር ቀኑ ለዳሱ ነው። ገበሬው መቼ ልዝራ፣ መቼ ልረም የሚለውን ይወስንበታል። የዕለቱ ለወጡ ነው። የሰዓታት የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለወንበሩ። "ትንበያ አለን ወይ?" ብቻ ብለን ከጠየቅን ጎደለ። ለየትኛው ሥራ፣ ስንት ቀን ሲቀረው?

እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የባሕሮችን ሙቀት ያያል። ሰላማዊ ውቅያኖስ ከተለመደው በላይ ሲሞቅ ኤልኒኖ፣ ሲቀዘቅዝ ላኒና ይባላል። ያለፉ ተመሳሳይ ዓመታት ይታያሉ፣ የኮምፒውተር ሞዴሎች ይሠራሉ። ውጤቱ በሦስት ይከፈላል፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለእያንዳንዱ በመቶኛ ዕድል ይሰጠዋል። ለምሳሌ ከላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከታች 20። ከታች የመሆን ዕድሉ 20 ነው ማለት አይሆንም ማለት አይደለም። ለጎርፍ ደግሞ የወንዝ ልኬት፣ ማለትም ውኃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ይጨመራል። ይኼን ታውቁታላችሁ ብዬ ልለፈው። እዚህ የደረሳችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ለቤተሰብም አጋሩ፤ በተለይ ለደምቢያ ዘመዶቻችሁ።

አሁን ባለፈው ቪዲዮ ሥር ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁትን ላንሳ። "በድርቅ ዓመት ጎርፍ ምን ይሠራል? ወይ ውኃው በዝቷል፣ ወይ ጠፍቷል፤ አንዱን ምረጥ።" አልመርጥም ወዳጆቼ! ሁለቱም ባንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ባንድ ወረዳ ይመጣሉ።

መጀመሪያ አገሩ ሰፊ ነው። በ2007 ክረምት ኤልኒኖ ነበር። የሰሜኑ ዝናብ ከዳ። በ2008 ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ። በዚያው ኤልኒኖ፣ በመኸር ወራት ሶማሌ ክልል ውስጥ ጎርፍ ሰው አፈናቀለ። ላኒና ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ለኛ ክረምቱ ደህና ይሆናል፣ ለቦረናና ለሶማሌ ዝናቡ ይቀራል። ከ2013 ጀምሮ እዚያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። አምስት! ከብቱ ሜዳ ላይ ረገፈ።

ሁለተኛ፣ አንድ ቦታ ላይም ይሆናል። ዝናቡ ሰኔን ሙሉ ቀረ እንበል። ቡቃያው ደረቀ። ሐምሌ ላይ የወር ዝናብ በጥቂት ቀን ዱብ አለ። የተራቆተና የጠጠረ መሬት ያን ሁሉ አይጠጣም። ቁልቁል ይለቀዋል። ክረምቱ ሲያልቅ ድምሩን ብታዩት "መደበኛ" ነው! ወረቀቱ ላይ መደበኛ፣ ማሳው ላይ ግን ድርቅም ጎርፍም። ስለዚህ ድምሩ ብቻ አይበቃንም። መቼ ገባ፣ ስንት ቀን አቋረጠ፣ መቼ ወጣ የሚለውም መነገር አለበት።

ሦስተኛው የራሳችን ነው። መገጭ ወንዝ ከጎንደር በላይ ካለው ደጋ ይነሳና በደምቢያ ሜዳ አልፎ ጣና ይገባል። ደጋው ላይ ሲዘንብ የደምቢያዋ ከተማ ቆላ ድባ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ገበሬው ቀና ብሎ ሰማዩን ቢያይ ምንም የለም። ውኃው ግን መንገድ ላይ ነው። ሜዳው ዝርግ ነው፤ ጣና ከሞላ ደግሞ ወንዙን አይቀበለውም፤ ውኃው ወደ ቤትና ወደ ማሳ ይመለሳል። ስለዚህ የደምቢያ ማስጠንቀቂያ ከደምቢያ ሰማይ አይገኝም፤ ከላይ፣ ከወንዙ ልኬት ነው የሚገኘው።

እዚህ ጋ ነው ሆዴን የሚበላኝ ነገር። ብዙ ወንዞቻችን ላይ ልኬቱ የሚያዘው ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ሄዶ አይቶ ነው። ማታ የመጣ ደራሽ ውኃ ሌሊቱን አልፎ ያድራል። ጠዋት መዝጋቢው ሲደርስ ወንዙ ጎድሏል። የ1998ን ክረምት አስታውሱ። ፎገራና ደምቢያ በውኃ ተዋጡ። ድሬዳዋ ላይ ጎርፉ በሌሊት ገብቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ኦሞ ላይ ከ300 በላይ ሞተ። በየጊዜው ራሱ ለክቶ የሚልክ መሣሪያ፣ እሱን የሚጠግን ባለሙያ፣ ሌሊት የሚያነሳ ስልክ፣ ደወል የሚደውል ሰው፤ አገራዊ ዕቅድ ስል ይኼን ማለቴ ነው።

ድርቅ ግን በሌሊት አይመጣም። በወራት ነው የሚመጣው፣ እየታየ። በ2015 ክረምት የጃናሞራን፣ የጠለምትንና የበየዳን ወረዳዎች ድርቅ ሲመታ ሰብሉ ባንድ ቀን አልደረቀም። ለጎርፉ "ሰዓት አጠረን" ይባል ይሆናል። ለድርቁ ግን ምን ይባላል?

የተባበሩት መንግሥታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 አንድ ግብ አስቀምጧል፤ እስከ 2027 መጨረሻ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ለሁሉም ሰው ይድረስ የሚል። አራት ነገር ይላል፦ ስጋትን ማወቅ፣ መለካትና መተንበይ፣ መልእክቱን ማድረስ፣ ተዘጋጅቶ መጠበቅ። በእኔ እምነት የምንወድቀው ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ነው። "በዓባይ ተፋሰስ ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል" ለባለሙያ ይበቃል። ለአንዲት የደምቢያ እናት ግን "መገጭ ሞልቷል፤ ከብቱንና ልጆቹን ከማታ በፊት ወደ ከፍታው አውጡ" መባል አለበት። ከማን? ከምታውቀው ሰው። ከቀበሌው፣ ከልማት ሠራተኛው፣ ከደብሩ፣ ከመስጊዱ።

ገንዘቡም እንዲሁ። ትንበያው እዚህ ደረጃ ከደረሰ ይህን ያህል ብር ይለቀቅ፣ መኖው ይጓጓዝ ተብሎ በጋ ላይ መፈረም አለበት። አደጋው ከገባ በኋላ ኮሚቴ ማቋቋም ዘግይቷል። ጎርፉ ሰብሉን ከወሰደም ዕቅዱ እዚያ አያብቃ። ውኃው ሲሸሽ ደምቢያ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። መስከረም ላይ ዘሩ በእጁ ከሌለ ያም ዕድል ያመልጠዋል።

በእናንተ ቀበሌ ማስጠንቀቂያ በምን ይደርሳል? በሬዲዮ? በስልክ? በጡሩምባ? ስንት ሰዓት ሲቀረውስ? ወረዳችሁን ጠቅሳችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ አነባለሁ። በሚቀጥለው የአንገረብን ግድብ ደለል እናያለን።