ስሙ ራሱ ያስተምር፦ የኮንትራ ዳንስ እንቅስቃሴዎችን ስንጠራ

ሙዚቃው ከጀመረ በኋላ ማሰቢያ ጊዜ የለም። አሜሪካ፣ በተለይ ኒው ኢንግላንድ አካባቢ በሚወደደው ኮንትራ ዳንስ ማይክ የሚይዘው ሰው ኮለር ይባላል። እሱ የእንቅስቃሴውን ስም ይጠራል፣ በረጅም ሰልፍ ትይዩ የቆሙት ጨፋሪዎች ወዲያው ያደርጉታል። አንድ ሙሉ ዙር 64 ምት ነው፤ አብዛኛው እንቅስቃሴ ደግሞ 8 ምት ብቻ ይወስዳል፣ ስለዚህ ስሙ ካልገባው አዲሱ ሰው አጠገቡ ያለውን አይቶ እስኪረዳ ድረስ ሁሉም ወደሚቀጥለው አልፈዋል።

አለማንድን እንውሰድ። እጅ ለእጅ ተያይዞ መዞር ነው። ቃሉ ግን በፈረንሳይኛ "ጀርመናዊ" ማለት ነው፣ ስለ እጅ ምንም አይነግራችሁም! ኮለሩ "ሌፍት" ብሎ ሲጨምርበት ነው ግራ እጅ መሆኑ የሚታወቀው። ዶ ሲ ዶ ይሻላል፣ ምክንያቱም ጀርባ ለጀርባ ማለት እንደሆነ አንዴ ከነገራችኋቸው ሰውነታቸው ይይዘዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁለት ሰዎች ሳይነካኩ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ ቀኝ ትከሻቸውን አቀራርበው አንዱ በሌላው ዙሪያ የሚዞሩበት እንቅስቃሴ አለ። ድሮ ጂፕሲ ይባል ነበር። ቃሉ ሮማ የሚባለውን፣ በብዛት አውሮፓ ውስጥ የሚኖረውን ብሔረሰብ (የሮም ከተማን ሰው አይደለም) የሚያዋርድ ስድብ ነው ብለው ብዙዎች ስለተቃወሙት ዛሬ በብዙ ቦታ "ራይት ሾልደር ራውንድ" ይሉታል፣ በቀኝ ትከሻ ዙሪያ እንደማለት። ሰውን አለማስቀየም ብቻውን በቂ ምክንያት ነው፤ ግን ለማስተማርም አዲሱ ስም በጣም ይበልጣል። የትኛው ትከሻ? ቀኝ። ምን ላድርግ? ዙር። አለቀ። እውነት ለመናገር ስለ መተያየቱ ምንም አይልም፣ እሱን እናንተ በልምምዱ ላይ በቃል ንገሯቸው፤ አዲስ ሰው አፍሮ መሬት መሬት ማየቱ አይቀርምና።

ለጨፋሪዎቹም ስም ያስፈልጋል። ብዙ ቦታ ወንድና ሴት ብሎ መጥራት ቀርቶ ላርክ እና ሮቢን ሆኗል፤ ሁለቱም የወፍ ስሞች ናቸው። በእንግሊዝኛ የላርክ የመጀመሪያ ፊደል የግራ፣ የሮቢን ደግሞ የቀኝ መነሻ ፊደል ነው። ላርኩ በግራ ይቆማል፣ ሮቢኗ በቀኝ፣ ማንም ሰው የፈለገውን ይመርጣል።

ስትጠሩ መጀመሪያ ማን፣ ከዚያ ምን በሉ። "ሮቢኖች፣ ቼይን!" (ቼይን ሮቢኖቹ ቀኝ እጅ ተያይዘው ወደ ማዶ የሚሻገሩበት እንቅስቃሴ ነው) የሚለው ጥሪ ያለፈው እንቅስቃሴ የመጨረሻ 4 ምቶች ላይ ማለቅ አለበት፣ እግሩ በአዲሱ የመጀመሪያ ምት ላይ እንዲነሳ።