ማክሰኞ ማታ፣ የዶሮ ወጥ ፒዛ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። ዛሬ እንግዳ አልጠራሁም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ስለ በዓሉ ሳይሆን በዓሉ ካለፈ በኋላ ድስት ውስጥ ስለሚቀረው ነገር ነው። እኛ ቤት ከፋሲካ የተረፈው ዶሮ ወጥ ማክሰኞ ማታ ፒዛ ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ልማድ ሆኗል፤ ልጆቹማ ከእሑዱ ማዕድ እኩል ነው የሚጠብቁት። እንዴት እንደምንሠራው እነግራችኋለሁ፤ ለምን እንደምወደውም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ድስቱ ላውራ። ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው ድካሙን ያውቀዋል። ዶሮው ይበለታል፣ በሎሚና በጨው ይታሻል፣ ውኃው ጥርት እስኪል ደጋግሞ ይታጠባል። ሽንኩርቱ በኪሎ በኪሎ ተልጦ ይደቅቅና ያለ ዘይት ተጥዶ ውኃውን እስኪመጥ ይቁላላል። ከዚያ በርበሬው፣ ከዚያ ቅቤው፣ ደግሞ ውኃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል፣ ደግሞ ማማሰል። ዶሮው የሚገባው ይሄ ሁሉ አልፎ ነው፤ መከለሻው ደግሞ በመጨረሻ። እናቴ ቀዳም ሥዑር ጠዋት የጀመረችውን ድስት ሳይመሽ አታወርደውም። ወገቧን ይዛ ቀና ስትል አያታለሁ።

እንግዲህ ይህን ያህል የተለፋበት ወጥ ነው ሐሙስ ላይ «ማን ይበላዋል» ተብሎ ወደ ፍሪጁ ጥግ የሚገፋው፣ ሲሰነብት ደግሞ የሚደፋው። ይሄ ያመኛል። የዶሮና የቅቤ ዋጋ በበዓል ሰሞን እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን ወጥ ሲደፋ ከብሩ በፊት የሚታየኝ የእናቴ ክንድ ነው።

የሚሰለቸው ወጡ ስለተበላሸ አይደለም። እንዲያውም ዶሮ ወጥ ሲያድር ይጥማል፤ በርበሬውና ቅመሙ ሥጋው ውስጥ ይዘልቃል። የሚሰለቸው 55 ቀን ጾሞ የከረመ ሆድ እሑድ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዶሮ፣ ቀን በግ፣ ሰኞ ደግሞ ዘመድ ቤት ሌላ ዶሮ ስለሚወርድበት ነው። ማክሰኞ ማታ መሶብ ሲቀርብ ሁሉም «ጠግቤያለሁ» ይላል። ያንኑ ወጥ ግን በሌላ መልክ አቅርቡት፤ የጠገበ ሰው አታገኙም።

አሁን ደግሞ ድስቱ ውስጥ የቀረው ምን እንደሆነ እንይ። ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል። እሑድ ሲቀርብ ብልቱ ሁሉ ባለቤት አለው። ፈረሰኛው ለአባወራው ነው። መላላጫው ለእንግዳና ለታላቅ ሰው ይወጣል። ልጆች ክንፍና አንገት ይደርሳቸዋል፤ እንቁላሉ ለሁሉም አንድ አንድ። ይህን ሥርዓት አልነቅፈውም። መከባበር ያለበት ነው፤ አባቴ ከፈረሰኛው ቆርሶ እናቴን ሲያጎርሳት ማየት እወዳለሁ። እናቴ ራሷ ምን እንደምትበላ ልብ ብዬ ያየሁት ግን ካደግኩ በኋላ ነው። እሷ እንጀራ ስትጨምር፣ ወጥ ስታወጣ፣ «ብሉ እንጂ» ስትል ቆይታ፣ ሁሉም እጁን ሲታጠብ ነው የምትቀመጠው። ጀርባውን ትግጣለች፣ የቀረውን ስልስ በእንጀራ ትጠርጋለች፣ ትነሣለች። ማክሰኞ ድስቱን ስንከፍት የምናገኘውም ያንኑ ነው፤ ጀርባ፣ አንገት፣ ክንፍ፣ ከተረፈ አንድ ሁለት እንቁላል፣ እና ብዙ ስልስ።

ይሄ ሥጋ ከአጥንቱ ተለቅሞ አንድ ላይ ሲደባለቅ የትኛው የማን ብልት እንደነበር አይለይም። ሊጡ ላይ ተበትኖ ሲጋገር አባቴም፣ እናቴም፣ ትንሿ የእህቴ ልጅም ያንኑ ቁራጭ ያነሣሉ። የምንጋግረው ደግሞ እኛ ልጆቿ ነን። ስለዚህ በበዓሉ ሰሞን እናቴ ተቀምጣ፣ ከሁሉም ጋር እኩል ጀምራ፣ ትኩሱን የምትበላው ማክሰኞ ማታ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ለዚህ ብዬ እሠራው ነበር።

አባቴ መጀመሪያ ላይ አልተዋጠለትም። «ዶሮ ወጥ የሚያምርበት በእንጀራ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ እሑድ ዕለት በእንጀራ ነው። ግን ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ከሄደ በኋላ ፓስታው እኛ ጋ ቀረ፤ ቀርቶም አልበቃው፣ እንጀራ ላይ ወጣ። ዛሬ ፓስታ በእንጀራ ሲበላ የሚደነቅ የለም። ፒዛ ቤቶቻችንም ለረቡዕና ለዓርብ አይብ የሌለው የጾም ፒዛ ከሠሩ ቆይተዋል። ጾማችን ፒዛ ላይ ከወጣ ፍስካችን የማይወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

እሺ፣ ወደ አሠራሩ። ሊጡን የማቦካው ሰኞ ማታ ነው። ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 320 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ፣ 10 ግራም ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ። እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ይጣበቅ፣ ዱቄት አትጨምሩበት። ከድናችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉትና ተመልሳችሁ እሹት፤ ለስልሶ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ቀስ ብሎ የቦካ ሊጥ ይጣፍጣል፣ ሲለጠጥም አይመለስባችሁም። ማክሰኞ ከሰዓት አውጥታችሁ አራት ቦታ አድቦልቡሉትና ኩፍ እስኪል ጠብቁት።

ወጡ ከፍሪጅ ሲወጣ ቅቤው ከላይ ረግቶ ይጠብቃችኋል፤ የበርበሬውን ቀለም ጠጥቶ ደማቅ ብርቱካንማ ሆኖ። ማንኪያውን በድስቱ ጠርዝ በኩል አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ስታነሡት እንደ ስስ ቂጣ ተገልጦ ይመጣል። ሽታው በዚያው ሰዓት ያውዳችኋል፤ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። እሱን በትንሽ ሳህን ለብቻው አኑሩት፤ በኋላ ትፈልጉታላችሁ። ሥጋውን ከአጥንት ለቅማችሁ አውጡ። በተለይ የአንገትና የክንፍ አጥንት ደቃቅ ነው፤ ልጅ የሚበላው ስለሆነ በጣታችሁ እየዳበሳችሁ ልቀሙት።

የቀረውን ስልስ መልሳችሁ ጣዱት። ለእንጀራ የሚመች ወጥ ለፒዛ ይቀጥናል። እያማሰላችሁ አጥብቁት፤ በማማሰያው ስትጠርጉት የድስቱ መሀል ገላጣ ሆኖ ለአፍታ ከቆየ ደርሷል። ወጡን እንዳለ ካፈሰሳችሁት ሊጡ ይረሰርሳል፣ መሀሉም ሊጥ ሊጥ ይላል። ይሄ ስልስ እንግዲህ የቲማቲም ሱጎውን ቦታ ነው የሚይዘው። ስስ አድርጉት። ዶሮ ወጥ ጉልበተኛ ነው፤ ለአንድ ትንሽ ፒዛ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል።

አይቡን ከነሊጡ እንዳትጋግሩት። የኛ አይብ ኮምጥጦ ከተናጠ ወተት አሬራ በእሳት የሚወጣ ስለሆነ ደግሞ ሲሞቅ ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም። ቅልጥ ብሎ መሳብ የሞዛሬላ ሥራ ነው፤ እሱን ሳሳ አድርጋችሁ ከስልሱ በላይ በትኑት። አይቡ ፒዛው ከእሳት ከወጣ በኋላ ከነቅዝቃዜው ይፈርፈርበት። የበርበሬውን ማቃጠል የሚያበርደው እሱ ነው፤ እሑድ ዶሮ ወጥ «ያቃጥላል» ብለው እንጀራውን ብቻ የሚቆርሱ ልጆች ማክሰኞ የሚበሉት በአይቡ ምክንያት ይመስለኛል። እንቁላሉም በኋላ ነው፤ ስስ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ደርድሩት፣ ከተጋገረ ይጠነክራል።

ኦቨን የሌላችሁ አትዝኑ። እኔ የምጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ከኦቨንም ይልቅ ምጣዱን እመርጣለሁ። የናፖሊ ፒዛ ጋጋሪዎች ሙያቸው እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ ተመዝግቦላቸዋል፤ የእንጨት ምድጃቸው ከ430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ ፒዛውን በደቂቃ ከምናምን ያወጣዋል። የኛ ምጣድ እንጀራ ሲጋገርበት 200 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የነሱን ሙቀት አይደርስበትም። ግን ሸክላ ነው፤ ሙቀቱን ይይዛል፣ የሊጡን እርጥበት ከሥሩ ያደርቃል። የሚጎድለው ከላይ የሚመጣ እሳት ነው። ጥሬ ነገር የተደረደረበት ፒዛ በምጣድ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። የበዓል ወጥ ግን በስሎ አልቋል። ከላይ ያለው መሞቅ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ለዚያ ደግሞ አክንባሎው ይበቃል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ምጣዱ በደንብ ሲግል የተለጠጠውን ሊጥ ባዶውን ዘርጉት፤ ከሥሩ ነጠብጣብ ሲያወጣ ገልብጡት። የተጋገረው ወገን ላይ ስልሱን፣ ሥጋውን፣ ሞዛሬላውን አድርጋችሁ ክደኑት። ሞዛሬላው ሲቀልጥ በሰፌድ አውጡት። ይኸው ነው።

አንድ ሕግ ግን አለ፤ የእናቴ ሕግ። «ምጣዴን ቅቤ እንዳታስነኩብኝ» ትላለች። ቅቤ የጠጣ ምጣድ እንጀራው ዓይን አያወጣለትም፤ ይጣበቃል። ለዚህ ነው ስልሱን ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ገባ አድርጌ የምቀባው። ያ ለብቻው ያስቀመጥነው ቀይ ቅቤ የሚቀባውም ፒዛው ሰፌድ ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ ጠርዙን ዙሪያውን፣ ገና እየጨሰ። የቀለጠው ቅቤ ሊጡ ውስጥ ሲሰርግ ያለውን ድምፅ ጠጋ ብላችሁ ስሙት። ከዚያ እናቴ ራሷ ምጣዱን በጎመን ዘር አሽታ ታስሰዋለች፤ ይሄን ለማንም አትሰጥም።

የመጀመሪያውን ፒዛ የምንጋግረው ለጎረቤታችን ነው። ሙስሊም ናት፤ የኛን እርድ አትበላም፣ እኛም የእሷን። ስለዚህ ምጣዱ ሥጋ ሳይነካው በፊት፣ ባልተነካካ ቢላና ሰፌድ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመንና አይብ ያለበት ይሠራላታል። በእኛ ፋሲካ ዕለት ቤታችን መጥታ ቡና ነው የምትጠጣው፣ ዳቦ ነው የምትቆርሰው። ማክሰኞ ማታ ግን ሁላችንም የምንበላውን ዓይነት ምግብ አብራን ትበላለች። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ጊዜው አንድ ሁለት ነገር ልበል። ከፋሲካ በኋላ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ወጡን ለመጨረስ የሚያጣድፍ ጾም የለም። ገና ላይ ግን ይለያል። በ2018 ገና ረቡዕ ነበር የዋለው፤ ሐሙስን ብቻ አግኝተን ዓርብ ጾም ገባ። እንደዚያ ሲሆን ሥጋውን ከአጥንት ለይታችሁ፣ ከስልሱ ጋር በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ ሦስት አራት ቀን ነው ዕድሜው፤ ያውም በዓሉን ሙሉ ምድጃ ላይ ካልዋለና መብራት ካልጠፋ። ሥጋው ከስልሱ ጋር አንዴ ይፍላ፤ ለብ ያለ ነገር አይበቃም። ጥሬ ክትፎ ደግሞ አይደርም፤ በዕለቱ ይበሰል ወይም ይበላ። ሊጥ ለማቡካት ጊዜ ያጣችሁ የደረቀ ድፎ ዳቦ ቆርጣችሁ ስልሱንና አይቡን ብታደርጉበት ይሆናል፤ ጥሩ ቁርስ ነው፤ ፒዛ ግን አልለውም።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ሆናችሁ የምትሰሙኝ ኦቨናችሁን እስከ 500 ፋራናይት አድርሱት፤ የብረት ትሪውን ገልብጣችሁ ግማሽ ሰዓት አግሉትና ሊጡን እሱ ላይ አሳርፉት። እዚያ ደግሞ ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ተርኪውን በበርበሬ የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የተርኪ ሥጋ ደረቅ ነው፤ ስልሱን በዛ አድርጉለት።

የፊታችን እሑድ ዳግም ትንሣኤ ነው። እህቴ ቤት ነው የምንውለው፤ በግ አለ። ከጥብሱ ከተረፈ ቀይ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ጨምሬበት፣ በስልስ ፋንታ የተፈጨ ቃሪያ ቀብቼ ልሞክረው ነው። ሊጡ ላይ ጤፍ ቀላቅሎ የሚጋግር ካላችሁ ምን ያህል እንደምታደርጉ ጻፉልኝ፤ ከዱቄቱ ሩቡን ጤፍ ለማድረግ አስቤያለሁ። በሚቀጥለው እንዴት እንደሆነልኝ እነግራችኋለሁ። ደኅና ሰንብቱ።