ለእናቴ ሮም ላይ አልጋ ስይዝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ አልጋበዝኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሐሳቤን ይዞት የከረመ ነገር አለ፣ እሱን ላወራችሁ ነው። ጉዳዩ አልጋ ነው። ሮም ውስጥ እናቴና እኔ አምስት ሌሊት የምናድርበት አልጋ።

እማዬ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። እሷ አዲስ አበባ፣ እኔ ዋሽንግተን ነን። አሜሪካ ድረስ ነይ ስላት «መንገዱ ረጅም ነው፣ ጉልበቴ አይችለውም» ትላለች። ሮም ግን ከአዲስ በቀጥታ በረራ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። መሀል መንገድ ላይ እንገናኝ ተባባልን። ጊዜውን የመረጠችው እሷ ናት። «ጥምቀትን ሳላከብር ንቅንቅ አልልም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ደግሞ ቤቴ መግባት አለብኝ» አለች። ሳታስበው ሮም ውስጥ አልጋ ረከስ የሚልበትን ወቅት መረጠችልኝ። የፈረንጆቹ በዓላት ጃንዋሪ 6 ላይ ካለፉ በኋላ ከተማዋ ጸጥ ትላለች። በፋሲካና በፈረንጆቹ በጋ በእጥፍ የሚጠየቅበት ክፍል ያኔ በደህና ዋጋ ይገኛል።

«ሮም ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ቫቲካን ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «አበበ የጨረሰበትን ቦታ» አለችኝ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ፣ በምሽት፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። እማዬ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከድሉ በኋላ አበበ በመኪና ከተማውን ሲዞር በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና እንዳየችው እስከ ዛሬ ታወራለች። ያቺ ልጅ አሁን አሮጊት ሆናለች፣ ጉልበቷም ይታመማል። ቅስቱ ሥር ላደርሳት እፈልጋለሁ። በኔ አቅም፣ ብዙ ሳልበደር።

እንግዲህ ሆቴል ፍለጋው የተጀመረው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ስለ አንድ ስህተቴ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ብቻዬን ሮም ሄጄ ነበር። ያኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ርካሽ። ከከተማው ውጪ፣ ከቀለበት መንገዱ ወዲያ፣ በሌሊት 25 ዩሮ የሚያስቀንስ ሆቴል አገኘሁ። አራት ሌሊት፣ 100 ዩሮ አተረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ሆቴሉ ወደ ባቡር ጣቢያ የሚያመላልስ መኪና አለን ብሎ ነበር። አለ፣ ግን ማታ 12 ሰዓት ላይ ያቆማል። ይህን የነገሩኝ ከደረስኩ በኋላ ነው። ሁለት ማታ አምሽቼ በታክሲ ተመለስኩ፣ 75 ዩሮ ወጣ። የቀሩትን ሁለት ማታዎች ገና ሳይመሽ እየሮጥኩ ገባሁ። ሮም መብራቷን ስታበራ፣ ሰው ለእግር ጉዞ ሲወጣ፣ እኔ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ከብሩ ይልቅ እነዚያ ሁለት ማታዎች ናቸው።

ሰዎች «ሆቴል ለመተኛት ብቻ ነው፣ የትም ይሁን» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ገንዘብ ያለው ሰው የትም ቢያድር በታክሲ ይመጣል። ገንዘብ የሌለው ሰው ግን የሚያየው ከተማ ከአልጋው በእግር የሚደርስበትን ያህል ነው። ስለዚህ ከክፍሉ ስፋት፣ ከቁርሱ፣ ከቴሌቪዥኑ ልቀንስ። ከቦታው ግን አልቀንስም።

ቦታውን እንዴት መረጥኩ? የሜትሮ ካርታ ዘረጋሁ። ቢ የሚባለው መስመር ቴርሚኒ ከሚባለው ዋናው ባቡር ጣቢያ ስትሳፈሩበት ካቩር፣ ኮሎሴዮ፣ ቺርኮ ማሲሞ እያለ ይወርዳል። አንድ ቲኬት 1.50 ዩሮ ነው። ኮሎሴዮ ስትወርዱ የአበበ ቅስት ፊት ለፊታችሁ ነው። አንድ ጣቢያ አልፋችሁ ቺርኮ ማሲሞ ስትወርዱ ደግሞ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው አደባባይ አለ፣ ፖርታ ካፔና። እ.ኤ.አ. በ1937 ወስደው ከቅኝ ግዛት ሚኒስቴራቸው ሕንፃ ፊት ለፊት ነበር ያቆሙት። ሕንፃው ዛሬ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት፣ የፋኦ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። አበበ ያን ማታ በሐውልቱ አጠገብ ሮጦ አልፏል። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመለሰ። አሁን ቦታው ባዶ ነው ለሚል ሰው መልሴ፣ እኔ የማሳያት ያንኑ ባዶ ቦታ ነው። ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ማየት ለኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

መነሻውም ቢሆን ዝም ብሎ ባቡር ጣቢያ አይደለም። ከቴርሚኒ ፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፣ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» እንደማለት። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው ጣሊያኖች ናቸው። መታሰቢያቸው እዚያው አቅራቢያ ቆሟል። ከአዲስ አበባ የተዘረፈውን የይሁዳ አንበሳ ሥሩ አስቀምጠውት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘው እዚያ ነው። አንበሳው ዛሬ ለገሃር ቦታው ላይ ነው። ስንቱ የሀገሬ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ በዚያ አደባባይ ሳያውቀው አልፏል፤ እኔም አንዷ ነበርኩ።

ስለዚህ ወሰንኩ። ከቴርሚኒ ወደ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተክርስቲያን ባለው ሰፈር፣ ኤስኩዊሊኖ። አንዳንድ ሰው ጣቢያ አካባቢ አትደሪ ብሎ መክሮኛል። እውነት አለው፣ ኪስ አውላቂ አለ፣ ማታ ጣቢያው ዙሪያ መዘግየት ጥሩ አይደለም። ወደ ቤተክርስቲያኗ የተጠጋው ወገን ግን ይሻላል፤ ማታም ሰው ይተላለፍበታል። ሌላም ምክንያት አለኝ። በዚያ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። እማዬ ረቡዕና ዓርብን ትጾማለች። እንጀራ ቢቀር እንኳ አይብ የሌለበት ማሪናራ የሚባል ፒዛ አለ፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ። የጾም ምግብ ነው ብዬ ስነግራት ደስ አላት።

አሁን ወደ ሂሳቡ። የሆቴሉ ዋጋ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ብቻ አይደለም። ሮም በያንዳንዱ ሰው፣ በያንዳንዱ ሌሊት የከተማ ግብር ታስከፍላለች። አንድ ኮከብ 4 ዩሮ፣ ሁለት ኮከብ 5፣ ሦስት ኮከብ 6። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ስትደርሱ ነው የሚከፈለው። ለሁለት ሰው፣ አምስት ሌሊት፣ ሁለት ኮከብ ላይ 50 ዩሮ ማለት ነው። ይህን ካልቆጠራችሁት መጨረሻ ላይ ያስደነግጣል።

ታክሲም አለ። ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ በጥንቱ የከተማ ቅጥር ውስጥ ወዳለ ማንኛውም ቦታ የተወሰነ ዋጋ ነው፣ 55 ዩሮ፣ ለመኪናው በሙሉ፣ ከነሻንጣው። ከቅጥሩ ውጪ ካደራችሁ ግን ይህ ዋጋ አይሠራም። ቀጥታው ባቡር በሰው 14 ዩሮ ነው፣ ለሁለት 28። ብቻዬን ብሆን በባቡር ነበር። እናቴ ሌሊቱን በአውሮፕላን አድራ፣ በርበሬና ሽሮ የታጨቀ ሻንጣ ይዛ ስትመጣ ግን 27 ዩሮውን እጨምራለሁ። የምቆጥበውን ሌላ ቦታ እቆጥባለሁ። ውሃ ለምሳሌ አልገዛም። በየመንገዱ ናዞኒ የሚሏቸው የብረት ቧንቧዎች ቀዝቃዛ የሚጠጣ ውሃ ያለ ማቋረጥ ያፈሳሉ። ማኪያቶም ቆመን ነው የምንጠጣው፣ ተቀምጦ ሲጠጣ ዋጋው ይጨምራል። ኮሎሲየም ደግሞ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ በነጻ ይገባል፣ ቀኑን ያሰብኩት ያቺ እሑድ እንድትገባበት አድርጌ ነው።

ደረጃውን ሳልረሳ። የሮም ርካሽ ማረፊያ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ሕንፃ አይደለም። የአሮጌ ሕንፃ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ፎቅ ላይ ያለ ፔንሲዮን ነው። ሊፍት አለ ይላሉ። ሊፍቱ የሚጀምረው ግን ከስምንት ደረጃ በኋላ ሊሆን ይችላል። ለአምስት ሆቴሎች ጻፍኩ፣ «ከመንገዱ እስከ ክፍሉ ስንት ደረጃ አለ?» ብዬ። ሁለቱ በቁጥር መለሱልኝ። ሌሎቹን ተውኳቸው። ማሞቂያም ጠየቅኩ። በሮም የመኖሪያ ሕንፃዎች በክረምት ማሞቂያ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዲበራ ሕጉ አይፈቅድም፣ ብዙ ፔንሲዮን ደግሞ ያለው እንዲህ ባለ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሌሊት የሚጨመር ብርድ ልብስ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

እማዬን ያስፈራት ሌላ ነገር ነበር። የሆቴሉን ስም በስልክ ሳነብላት አልቤርጎ የሚል ቃል ሰማች። ዝም አለች። ቀጥላ «ልጄ፣ አልቤርጎ ነው የምታሳድሪኝ?» አለችኝ። እኛ ሀገር አልቤርጎ የሚባለውን ታውቃላችሁ፣ ከቡና ቤት ጀርባ ያለ ክፍል። እማዬ፣ እዚያ አልቤርጎ ማለት ሆቴል ማለት ነው፣ ትልቁም ትንሹም አልቤርጎ ነው አልኳት። ያመነችኝ ፎቶውን ካየች በኋላ ነው።

መነኮሳት ቤት ለማሳደርም አስቤ ነበር። ሮም ውስጥ ገዳማት የሚያከራዩት ንጹሕና ጸጥ ያለ ክፍል አለ፣ ብዙዎቹ ማታ በር ይዘጋሉ። ስለዚህ ነገር ሳነብ አንድ የሀገራችን ታሪክ ውስጥ ገባሁና ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተክርስቲያን ጀርባ፣ ቫቲካን ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተክርስቲያን አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን ጳጳሱ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰጡት፣ ከጎኑም ማደሪያ ነበረ። ከኢየሩሳሌም፣ ከሀገር ቤት ተሳልመው በእግርና በመርከብ የመጡ ሰዎች አልጋ ያገኙ የነበረው እዚያ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን አዲስ ኪዳን ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1548 ማሳተም የጀመሩት ከዚያ ቤት ሆነው ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1649፣ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ግእዝ የሚያስተምረው ሰው ፍለጋ መጥቶ አባ ጎርጎርዮስን ያገኘው እዚያ ነው። እስቲ አስቡት። ለመንገደኛ የተዘጋጀ አንድ ማደሪያ ባይኖር ኖሮ ያ መጽሐፍ የት ይታተም ነበር? እነዚያ ሁለት ሰዎች የት ይገናኙ ነበር? አልጋ ፍለጋዬ እንደ ተራ ጣጣ መሰማቱን ያቆመው ያን ጊዜ ነው።

የመነኮሳቱን ቤት የተውኩት በሰዓቱ ምክንያት ነው። አበበ የገባው በምሽት ነው፣ እኔም ቅስቱን በምሽት ነው ላሳያት የምፈልገው።

ቪዛውን በአጭሩ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን ደንቡን አጠበቀ፣ በ15 ቀን ይታይ የነበረው ማመልከቻ 45 ቀን ሆነ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፣ የ30,000 ዩሮ የጉዞ መድን ይጠየቃል፣ የማደሪያ ማስረጃም እንዲሁ። ስለዚህ የማይመለስ ዋጋ፣ የፈለገ ቢረክስ፣ አትንኩ። እኔ በሌሊት 9 ዩሮ ጨምሬ መግቢያው ሦስት ቀን እስኪቀረው ድረስ በነጻ የሚሰረዝ ያዝኩ። ሁለታችንም ስማችን ማስያዣው ላይ፣ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል አስገባሁ። የእማዬ ስም ከአባቷ ስም ጋር፣ የኔ ከአባቴ ጋር ነው። ለኛ ግልጽ ነው። ለሚያየው ፈረንጅ ግን እናትና ልጅ አንመስልም።

አሁን ክፍሉ ተይዟል። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት አልጋ፣ የራሱ መታጠቢያ፣ ከመንገዱ እስከ ሊፍቱ አራት ደረጃ፣ በሌሊት 82 ዩሮ። ማለዳ ስለምትደርስ፣ ክፍል የሚሰጡት ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ፣ ጻፍኩላቸው። ሻንጣውን እንቀበላለን፣ እናትሽም ሳሎኑ ውስጥ ማረፍ ትችላለች ብለው መለሱ።

ትናንት ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ዋጋው አልጠየቀችም።

«ከዚያ አልጋ እስከ አበበ ቦታ በእግር ስንት ይሆናል?» አለች።

«በኛ እርምጃ ግማሽ ሰዓት። ቁልቁለት ነው እማዬ።»

«ስንመለስስ?»

«ስንመለስ በባቡር።»

«ጥሩ» አለች። «ስንሄድ በእግር ይሁን።»