የጠየቅናቸው ሰዎች መልስ እየጠበቁ ነው
(ደብረ ብርሃን፣ በጤና ምርምር መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቻችን፣ እንደምን አደራችሁ! በዚህ ብርድ ማልዳችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የጤና አገልግሎት ኢፍትሐዊነትና ማኅበራዊ ፖሊሲ በታዳጊ አገሮች» ይላል። ሰፊ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። ለእሱ ስል ከእነዋሪ ቁልቁል ወደ ጃማ ሸለቆ ይዣችሁ ልውረድ።

ወጣት ሳለሁ መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ። ብዙዎቻችሁም በዚያው በር ነው የገባችሁት። ቦርሳ ሙሉ መጠይቅ፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ መንገድ የሚያሳይ አንድ የቀበሌ ሰው። ከጅሩ ሜዳ ጫፍ ቆመን ወደ ታች ስናይ ቤቶቹ እዚሁ እግራችን ሥር ያሉ ይመስሉ ነበር። ጉልበታችን እስኪንቀጠቀጥ ወረድን።

አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ማሽላ እያበጠሩ ነበር። ሰፌዱን አስቀምጠው ቁርበት አነጠፉልኝ። መጠየቅ ጀመርኩ። ሬዲዮ አለዎት? ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ሣር? ከብት ስንት ነው? ሁሉንም ሳይሰለቹ መለሱልኝ። ከዚያ «ጤና ጣቢያ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አልኳቸው።

«ለእኔ ነው ለሚሸከሙኝ?» አሉኝ።

ምን ልበል? መጠይቁ ላይ ያለችው ሳጥን አንዲት ናት። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ጤና ጣቢያው ደጋው ላይ ነው። ደህና ሰው በጠዋት ተነስቶ ዳገቱን ይወጣዋል። ምጥ የያዛት ሴት ግን በቃሬዛ ነው የምትወጣው። ለዚያ ስምንት ጎረምሳ ያስፈልጋል፤ አራቱ ሲደክሙ አራቱ ይቀበላሉ። የአጨዳ ጊዜ ከሆነ ጎረምሳው ማሳ ላይ ነው፣ ተጠርቶ እስኪመጣ ይጠበቃል። ሌሊት ከሆነ ደግሞ እስኪነጋ። አምቡላንሱ ቢመጣ የሚቆመው መንገዱ የሚያልቅበት ላይ ነው። «እንግዲህ የቱን ልትጽፊ ነው ልጄ?» አሉኝ።

120 ብዬ ጻፍኩ። ያቺ ቁጥር እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

ልወጣ ስል ደግሞ እንዲህ አሉኝ፦ «ባለፈውም እንዳንቺ ያለች ልጅ መጥታ ጽፋ ሄዳ ነበር። የት ደረሰ?»

መልስ አልነበረኝም።

ቁጥሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2008 ዓ.ም የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ100 ወሊድ 26ቱ በጤና ተቋም የተካሄደ ነው ይላል። በከተማ 79፣ በገጠር 20። ከዚህ 130 ኪሎ ሜትር ብንሄድ፣ አዲስ አበባ፣ 97 ነበር። የክልላችን ደግሞ 27። ከአገሪቱ አማካይ ጋር እኩል ነን ብለን ተጽናናን እንዴ? በዚያ 27 ውስጥ እኮ ደብረ ብርሃንም አለች፣ የጃማ ሸለቆም አለ። ያቺን ቃሬዛ ያያት ማን ነው?

ሥራ አልተሠራም አልልም፤ ሐሰት ይሆንብኛል። የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ዓ.ም ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሴቶች ተመደቡ። በእግራቸው ቤት ለቤት የዞሩት እነሱ ናቸው፣ እዚህም ተቀምጠው አያቸዋለሁ። የእናቶች ሞት በ1992 ዓ.ም ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 ነበር። በ2008 ወደ 412 ወርዷል። ይህንንም ያወቅነው እንደዚያች እናት ያሉ ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ስለመለሱልን ነው።

እኛስ ምን መለስንላቸው?

ስምምነት እናስፈርማለን። መጻፍ የማይችሉት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያትማሉ። «ውጤቱ የእናቶችን አገልግሎት ለማሻሻል ይውላል» ብለን ጮክ ብለን እናነብላቸዋለን። ከዚያስ? በእንግሊዝኛ ጆርናል ላይ እናወጣዋለን። ማዕረግ እናገኝበታለን። እኔም አግኝቼበታለሁ። ወደዚያ ቀበሌ ጤና ኬላ ግን አንዲት ገጽ አማርኛ አልላክንም! የሰውን ቃል ወስደን፣ የሰውን ቀን ወስደን፣ የሞቱ ልጆቹን ቁጥር ሳይቀር ጠይቀን ወስደን ዞር ብለን አላየንም። ይሄ ከድሃ ቤት ተበድሮ መጥፋት ነው። ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም። ጣታቸውን እኛ አስነክረናል፤ የእኛን ጣት ማን ያስነክረን?

ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ልናገር አስቤ ነበር። በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው እዚህ የደረሰው። ካርዱን ይዞ መጥቶ «መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ» የሚባለው አባወራ ራሱ ይጠየቅ፣ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። በጸጥታው ችግር መንገድ የተዘጋበት ቀበሌ ከናሙና እንደሚወጣም አንርሳ። ያልደረስንበት ቤት ችግር ሠንጠረዣችን ላይ የለም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከእንግዲህ ማንኛውም ፕሮፖዛል የመመለሻ ቀን ይኑረው። አንድ ገጽ በአማርኛ፣ አንድ ስብሰባ እዚያው ቀበሌ። በጀትም ይያዝለት፤ የሁለት ቀን አበል ቢሆን ነው። ይህ የሌለበት ፕሮፖዛል አይጽደቅ።

እኔ የራሴን ጥናት ውጤት በአንድ ገጽ አስጽፌዋለሁ። ጥምቀት እንዳለፈ ወደ ጃማ እወርዳለሁ። አብሮኝ የሚወርድ ካለ፣ ሻይ ስንጠጣ ይንገረኝ።