የአንድ መምህር ስንቅ፦ የኢንዶኔዥያን ጥበብ ለውጭ ታዳሚ ስለሚያደርሱ አነስተኛ ድጋፎች

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የሙዚቃና የቴአትር ተማሪዎች፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ የኢንዶኔዥያን ኪነ ጥበብና ባህል ከአገሩ ውጭ ላለ ታዳሚ ለማድረስ የሚሰጡ አነስተኛ የገንዘብ ድጋፎች ነው። ሲሰሙት የሒሳብ ክፍል ጉዳይ ይመስላል፤ እኔም የኢንዶኔዥያ መንግሥት በሚሰጠው ዳርማሲስዋ በተባለ የትምህርት ዕድል በጃቫ ደሴት ወዳለችው ሱራካርታ ከተማ ሄጄ ጋሜላን የተባለውን ሙዚቃ እስክማር ድረስ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። ትንሽ ገንዘብ ለአንድ ምሽት ትርኢት ሲውል በማግስቱ ያልቃል፤ ያው ገንዘብ ለአንድ መምህር ማደሪያና ቀለብ ሲውል ግን ለዓመታት ይሠራል። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር፤ ሰባትና ስምንት እየቀነስኩ ብናገር ራሴም እሳሳታለሁና።

ጋሜላን የአንድ መሣሪያ ስም አይደለም፤ አብረው ተሠርተው አብረው የሚኖሩ የመሣሪያዎች ቤተሰብ ነው። በአብዛኛው ከነሐስ የሚሠሩ ትላልቅና ትናንሽ ጎንጎች፣ በእንጨት ገበታ ላይ የተደረደሩ በመዶሻ የሚመቱ ሰሌዳዎች፣ ከበሮዎች፣ እንዲሁም መሰንቆን ለሚያውቅ ዓይን ባዳ የማይሆነው ባለ ሁለት አውታሩ ረባብ በውስጡ ይገኛሉ። ተጫዋቾቹ ጫማቸውን አውልቀው መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ መሣሪያ መሻገር ነውር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እግሬን አንሥቼ አንዱን ልሻገር ስል መምህራችን አንድም ቃል ሳይናገሩ ክንዴን ይዘው በዙሪያው አዞሩኝ። ያንን ትምህርት ከማንም መጽሐፍ አላገኘውም ነበር።

ቅኝቶቹ ሁለት ናቸው፤ አምስት ድምፅ ያለው ስሌንድሮና ሰባት ድምፅ ያለው ፔሎግ። አምስት ድምፅ ለትዝታና ለባቲ ልጆች እንግዳ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በስሌንድሮ ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ከእኛው የተለየ ስለሆነ «ይህንንስ አውቀዋለሁ» ብሎ የቸኮለ ጆሮ ይሳሳታል፤ የእኔም ተሳስቷል። ከዚህ በላይ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው ነገር ሁለት ጋሜላኖች በትክክል በአንድ ዓይነት የማይቃኙ መሆናቸው ነው። እያንዳንዱ ስብስብ የራሱ ድምፅ ስላለው ከአንዱ አንድ ሰሌዳ ተበድሮ ከሌላው ጋር መምታት አይቻልም፤ የተጓዘ እንደሆነ ሙሉ ቤተሰቡ ይጓዛል፤ ያ ማለት ደግሞ የነሐስ ክብደት፣ የጭነት፣ የመድንና የጉምሩክ ወጪ ማለት ነው። አነስተኛ ድጋፍ ብዙ ጊዜ ታዳሚው ዘንድ ሳይደርስ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

ታሪኩን ትንሽ ላስታውስ። በ1889 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የጃቫ ሙዚቀኞችና ዳንሰኞች ቀርበው ነበር፤ ወጣቱ የሙዚቃ ደራሲ ክሎድ ደቡሲ ሰምቷቸው እጅግ ተደነቀ፤ የሰማው ነገርም በሥራዎቹ ላይ ጥላውን እንዳሳረፈ ብዙ ተጽፏል። ከአራት ዓመት በኋላ በ1893 በችካጎ በተደረገው ኤግዚቢሽን እንዲሁ የጃቫ መንደር ተሠርቶ ሙዚቀኞች መጡ። ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ ሰዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ መሣሪያዎቹ ቀርተው በዚያው ከተማ ወዳለው ፊልድ ሙዚየም ገቡ፤ የሚመታቸው እጅ ስላልነበረም ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የሙዚየም ዕቃ ሆነው ተቀመጡ። ሁለቱም በቅኝ ገዥዎች ዘመን የተደረጉ ትልልቅ ትርኢቶች ነበሩ፤ ወጪያቸውም ትልቅ ነበር። ያስተረፉት ግን በአንድ ሰው ጆሮ የቀረ ድምፅና በመስታወት ውስጥ የቀረ ነሐስ ነው።

ከዚህ ጋር የ1950ዎቹን መጨረሻ እናስተያይ። ማንትል ሁድ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻቸው የሌላውን ሕዝብ ሙዚቃ በወረቀት ከመተንተን አልፈው ራሳቸው ተቀምጠው እንዲጫወቱት አደረጉ። ለዚህ ሥራ የጃቫው ዳንሰኛና ሙዚቀኛ ሃርጃ ሱሲሎ ወደዚያ ሄዱ፤ ኋላም በሐዋይ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። አንድ ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ስብስብ መሣሪያ። ዛሬ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉትን የጋሜላን ቡድኖች የዘር ሐረግ የቆጠረ ሰው ብዙዎቹን ከዚያ ክፍል ተማሪዎች ጋር ያገናኛቸዋል። በ1979 በሳንፍራንሲስኮ አካባቢ የተመሠረተው ጋሜላን ሰካር ጃያም እንዲሁ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ኢ ዋያን ሱዌቻ የተባሉ፣ ባሊ ከተባለችው የኢንዶኔዥያ ደሴት የመጡ መምህር ናቸው፤ ቡድኑም ከባሊ መምህራንን እየጋበዘ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥን ልማድ አደረገው። በ1985 ቡድኑ ወደ ባሊ ተጉዞ በባለቤቶቹ ፊት ተጫወተ። እንግዳ ሆኖ የተማረውን ለባለቤቱ መልሶ ማሰማት እንዴት እንደሚያስፈራ፣ በሱራካርታ በዓመቱ መጨረሻ እጆቼ የተንቀጠቀጡብኝ እኔ አውቀዋለሁ።

በእንግሊዝ ደግሞ የኢንዶኔዥያ መንግሥት በ1987 የሰጠው የጃቫ ጋሜላን በለንደን ሳውዝባንክ ሴንተር ይገኛል፤ የትምህርት ቤት ልጆችና ከሥራ በኋላ የሚመጡ አዋቂዎች ይማሩበታል። ከ2003 ጀምሮም አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋሜላንን ወደ እስር ቤቶች እያስገባ አብሮ መጫወትን ያስተምራል። ስጦታው አንድ ጊዜ የተሰጠ ነው፤ በየዓመቱ የሚያስፈልገው የመምህር ክፍያ ግን ከትናንሽ ድጋፎች እየተለቀመ የሚሞላ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይገኛል? ዳርማሲስዋ በ1974 ለደቡብ ምሥራቅ እስያ ማኅበር አገሮች ተጀምሮ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌሎችም የተከፈተ የትምህርት ዕድል ነው፤ የውጭ ተማሪ ቋንቋውንና ጥበቡን በቦታው እንዲማር ያደርጋል። የኢንዶኔዥያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከ2003 ጀምሮ የሚያካሂደው ሌላ መርሐ ግብር አለ፤ ወጣቶችን በየክፍለ ሀገሩ ባሉ ሳንጋር በሚባሉ የጥበብ ቤቶች ያስቀምጣቸዋል፤ በመጨረሻም በአንድ መድረክ ያገናኛቸዋል። በ2017 የወጣው ቁጥር 5 የባህል ማበልጸጊያ ሕግ ዐሥር የባህል ዘርፎችን ይዘረዝራል፤ በመካከላቸው የቃል ትውፊት፣ ብራና ጽሑፍ፣ የሕዝብ ጨዋታና ባህላዊ ስፖርት ሳይቀር አሉበት። ይህ ሕግ የባህል ዘላቂ ፈንድ እንዲቋቋም መሠረት ሆነ፤ ከፈንዱ ትርፍ የሚገኘው ዳና ኢንዶኔሲያና የተባለው ድጋፍም ለአርቲስቶችና ለማኅበራት ይከፋፈላል። ከጎረቤት በኩል ደግሞ የአውስትራሊያ መንግሥት በ1989 ያቋቋመው የአውስትራሊያ ኢንዶኔዥያ ተቋም በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ለሚደረጉ ትናንሽ ሥራዎች ድጋፍ ይሰጣል። ደንቦቻቸውን እዚህ አላነብም፤ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ።

አንድ ወጪ ሁልጊዜ ይረሳል፤ እርሱም ትርጉም ነው። ዩኔስኮ በ2003 እውቅና የሰጠውን የዋያንግ አሻንጉሊት ቲያትር እንውሰድ። ዳላንግ የሚባለው አንድ ባለሙያ ከመጋረጃ ጀርባ ከመብራት ሥር ተቀምጦ ከጎሽ ቆዳ የተፈለፈሉትን ምስሎች ሁሉ ያንቀሳቅሳል፣ ለእያንዳንዳቸው ድምፅ ይሰጣል፣ የእንጨት ሣጥኑን እያንኳኳም ሙዚቀኞቹን ያዛል፤ ጨዋታው ከምሽት እስከ ንጋት ይዘልቃል። ውጭ አገር ሲሄድ የሁለት ሰዓት ርዝመት ብቻ እንዲኖረው ይቆረጣል፤ የውጭ ታዳሚም ንግግሩን ስለማይረዳ ጥላውን እያየ ያጨበጭባል። ነገር ግን የጃቫ ቋንቋ እንደ ተናጋሪውና እንደ ተደማጩ ማዕረግ ይለዋወጣል፤ ለታናሽ የሚነገርበት ቃልና ለታላቅ የሚነገርበት ቃል ፈጽሞ የተለያየ ነው። አንድ አገልጋይ ጌታውን በየትኛው ቃል እንደጠራው ያልገባው ሰው ግማሹ ቀልድ ያመልጠዋል። እንግሊዝኛ ሁሉንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ይህንን ይጨፈልቀዋል። አማርኛ ግን «አንተ»ም «አንቱ»ም «እርስዎ»ም አለው፤ ስለዚህ ዋያንግን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቢገኝ ከእንግሊዝኛው የተሻለ እንደሚያወጣው እምነቴ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተርጓሚ፣ ሁለት ወርና ጽሑፉን የሚያሳይ አንድ ፕሮጀክተር ነው።

ስለ አንክሉንግ ሳልናገር አላልፍም። ከቀርከሃ የተሠራ፣ ሲነቀነቅ አንድ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ፣ በ2010 በዩኔስኮ መዝገብ የገባ የምዕራብ ጃቫ መሣሪያ ነው። የመጣበት አካባቢ ማእከል ባንዱንግ ናት፤ በ1955 ኢትዮጵያን ጨምሮ የ29 አገሮች መልእክተኞች ለእስያና አፍሪካ ጉባኤ የተሰበሰቡባት ከተማ። ዳኤንግ ሱቲግና የተባሉ መምህር በ1938 በምዕራባውያን የሰባት ድምፅ ቅኝት እንዲሠራ ስላደረጉት የብዙ አገሮችን ዜማ ይጫወታል። አንድ ሰው ብቻውን ዜማ አይወጣለትም፤ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ የራሱን ድምፅ ያስገባል። እምቢልታ ነፊዎችን ያየ ሰው ይህንን ማስረዳት አያስፈልገውም። በሐምሌ 2011 በዋሽንግተን ዲሲ ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎች በአንድነት አንክሉንግ ነቅንቀው በጊነስ መዝገብ ገብተዋል። ያን ቀን አልንቀውም፤ ብዙ ሰው መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ ይዟል። ይሁንና የዚያ ቀን ወጪ ለስንት መምህራን የአንድ ዓመት ደመወዝ ይሆን ነበር የሚለው ጥያቄ አይለቀኝም።

በራሴም ላይ ልመስክር። ከተመለስኩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድጋፍ ስጠይቅ በበጀቱ ሰንጠረዥ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች የአዳራሽ ኪራይ፣ ባነር፣ የፎቶግራፍ ባለሙያና መስተንግዶ ነበሩ፤ የመምህሩ አበል በመጨረሻው መስመር ከ«ልዩ ልዩ» በላይ ተቀምጦ ነበር። ገንዘቡ ተፈቀደ፤ አዳራሹም ሞላ። በሦስተኛው ሳምንት «አሁንስ የት ሄጄ ልማር?» ብሎ ለጠየቀኝ ወጣት የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። ለሪፖርቱ ግን የሚያምሩ ፎቶዎች ነበሩኝ።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ሰንጠረዡን ይገልብጠው። መጀመሪያ የመምህሩን ማደሪያ፣ ምግብና ቪዛ ይጻፍ፤ ቀጥሎ መሣሪያው የሚቀመጥበትን ክፍልና ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን፤ ከዚያም የቅኝት ወጪን። የባሊ መሣሪያዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በጥቂቱ ተለያይተው ስለሚቃኙ አንድ ላይ ሲመቱ ድምፁ እንደ ሞገድ ይርገበገባል፤ ነሐሱ ከዓመታት በኋላ ቅኝቱን ሲለውጥ የሚያስተካክል ባለሙያ ካልመጣ ያ ሞገድ ይጠፋል። ትርኢቱን በመጨረሻ ያስገቡት፤ የትርኢቱ ተጫዋቾችም የተማሩት ልጆች ይሁኑ። መምህሩም ከታዳሚው አንድ ነገር ተምሮ እንዲመለስ አንድ መስመር ይተውለት፤ እኔን ያስተማሩኝ ሰው የክራርን ቅኝት ጠይቀውኝ በቅጡ ማስረዳት ያቃተኝን ቀን እስካሁን አፍርበታለሁ።

በጠረጴዛው ላይ የምታዩዋቸው አንክሉንጎች በእንዲህ ያለ ትንሽ ድጋፍ የተገዙ ናቸው። ከሰባቱ ድምፆች አራተኛውንና ሰባተኛውን አስቀርቻለሁ፤ የቀሩት አምስቱ ትዝታን ይሰጡናል። የፊት ረድፍ ተቀማጮች አንዳንድ አንሡ፤ በግራ እጃችሁ ከላይ አንጠልጥላችሁ በቀኝ እጃችሁ የታችኛውን ጫፍ ያዙ። በላዩ የተጻፈው ቁጥር የእናንተ ድምፅ ነው፤ በጣቴ ቁጥራችሁን ሳሳይ ነቅንቁ፣ እጄን ሳወርድ ዝም በሉ። ቁጥር አንዶች፣ ተዘጋጁ።