እጥፉን ማን ይከፍላል?

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ደሴ እቤቴ ነው፣ መስኮቱንም ዘግቼዋለሁ፤ የደሴን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ጉንፋን ነው፣ አብሽሩ።

በቀደም የአክስቴ ልጅ ከኮምቦልቻ መጥቶ ቡና እየጠጣን ስልኩን አሳየኝ። ፓንኬክስዋፕ ይባላል፤ የክሪፕቶ መገበያያ ድረ ገጽ ነው፣ በዋጋ ላይ ገንዘብ እያስያዙ የሚገምቱበት ጨዋታም አለው። ቢኤንቢ የሚባለው ክሪፕቶ ዋጋው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይወጣል ወይስ ይወርዳል? ጥያቄው ይኸው ነው። አቦሉ ተቀድቶ ሳያልቅ አንድ ዙር ያልቃል። «ጋሼ፣ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ከገባልህ እጥፍ ታገኛለህ» አለኝ።

እጥፍ የምትለዋ ከነከነችኝ። ማነው የሚከፍለው?

እዚያ ከካዝናው አውጥቶ የሚከፍል የለም። «ይወጣል» ያለውም «ይወርዳል» ያለውም ገንዘቡን ያስቀምጣል፤ ከድምሩ 3 በመቶ ይቆረጣል፤ የቀረውን ያሸነፉት እንደየመዋጯቸው ይካፈሉታል። በዶላር እናስበው። ድምሩ 1,000 ነው፤ 700ው «ይወጣል» ላይ፣ 300ው «ይወርዳል» ላይ። ዋጋው ከወጣ 970ው ለ700 ይከፈላል፤ 10 ዶላር ያስገባ 13.86 ያገኛል። እጥፉ የታለ? ሁለቱ ወገን እኩል ቢሆኑ እንኳ 19.40 ነው። እንግዲህ ላለመክሰር ብቻ ከመቶ ዙር ወደ 52 ያህሉን ማወቅ አለብህ።

የባሰው ደግሞ፣ ስትገባ ያየኸው ክፍያ የምታገኘው አይደለም። ዙሩ ሊቆለፍ፣ ማለትም ገንዘብ መቀበል ሊያቆም፣ ሰከንዶች ሲቀሩ ትልቅ ገንዘብ ካንተ ጎን ከገባ ድርሻህ ይሟሟል። ሰኞ ገበያ ላይ እህሉ ከተሰፈረልህ በኋላ ዋጋ የሚቀይር ነጋዴ ቢገጥምህ ምን ትለዋለህ? ፈራጁም ባይናንስ በሚባለው የክሪፕቶ ገበያ ላይ የምታየው ዋጋ ሳይሆን ቼይንሊንክ የሚባለው የዋጋ መረጃ አቅራቢ የሚያመጣው ዋጋ ነው። ዙሩ ሲቆለፍ የነበረው ዋጋና ሲያልቅ ያለው ዋጋ እኩል ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ወገን ገንዘቡን ያጣል።

ፖሊማርኬት የሚባለው ሌላው የግምት ገበያ ይለያል። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቷል እንበል። «በ15 ደቂቃ ውስጥ ይነሳል» የሚል ወረቀት አለ፤ ከተነሳ 1 ዶላር ይከፍላል፣ ካልተነሳ ባዶ ነው። አሁን በ60 ሳንቲም ከተሸጠ ገበያው ዕድሉን 60 በመቶ አድርጎታል ማለት ነው። ጉሙ ሲሳሳ 85 ይገባል፤ ሳትጠብቅ ሸጠህ መውጣት ትችላለህ። እዚያ ያለው «ቢትኮይን በ15 ደቂቃ ይወጣል ወይስ ይወርዳል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ቢያንስ የገዛህበትን ዋጋ ታውቃለህ፣ እኔ ይሄን እመርጣለሁ። ችግሩ፣ ከወዲያ በኩል የሚሸጥልህ ብዙ ጊዜ ከአውራ ጣትህ የሚፈጥን ኮምፒውተር ነው። የእኛን ኔትወርክ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ታውቁታላችሁ።

ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል፤ እሱን ልጁም ያውቃል።

ያለ ገንዘብ፣ በደብተር ብቻ የፓንኬክስዋፕን ሃያ ዙር ገመትኩ። አስራ አንዱን አወቅሁ። ደስ ብሎኝ ክፍያውን ስደምር፣ በየዙሩ 1 ዶላር አስገብቼ ቢሆን 18 እንኳ አይሞላልኝም ነበር። ባወቅሁበት ዙር ሁሉ ሰው ሁሉ አብሮኝ ነበራ!

ደብተሩን ለአክስቴ ልጅ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየውና «ጋሼ፣ ተቃራኒውን ገምተህ ቢሆንስ?» አለኝ።

ማታ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ያተርፍ ነበር። ሃያ ዙር ምንም አያሳይም ብዬ ሳልነግረው ቀረሁ፤ ግን ይሄን ክፍል መስማቱ አይቀርም።